የጀመዓው አማና በአንድ ሰው ስልክ አይደር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ ዕትም ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ በደርስና በኹጥባ ብዙም የማይነሳ ነው። ሆኖም በየወሩ ሁላችንንም ይነካል። ለጀመዓው የምናዋጣው ገንዘብ በባንክና በስልክ በኩል ሲገባና ሲወጣ በማን እጅ፣ በማን ፈቃድና በማን ምስክርነት ይንቀሳቀሳል? ጥያቄው የሒሳብ ክፍል ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በመጀመሪያ የአማና ጥያቄ ነው እንላለን።

ቀደም ባሉት ዓመታት የጀመዓ ገንዘብ በሣጥን ነበር የሚሰበሰበው። ከጁሙዓ በኋላ ሣጥኑ በሰዎች ፊት ይከፈታል፣ ሁለት ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፣ አንዱ በደብተር ይጽፋል። አሠራሩ አድካሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ብዙ ዓይን ያየው ነበር። ዛሬ ሣጥኑ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ከተስፋፋ ወዲህ፣ ከዶርም ሳይወጣ 20 ብር ማስተላለፍ ለማንኛውም ተማሪ ቀላል ሆኗል። ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ የሞላ ሰው ደግሞ ምንም ሳይነካ በየወሩ በቆረጠው ቀን መዋጮው በራሱ ይሄዳል።

ይህ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ሣጥኑ ወደ ስልክ ሲገባ እነዚያ ብዙ ዓይኖች አብረውት አልገቡም። አቋማችንን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፦ የገንዘቡ መግባት በራሱ የሚሄድ ይሁን፤ የገንዘቡ መውጣት ግን ምንጊዜም የሁለት ሰው ፈቃድና የሁሉም ሰው ዓይን ይኑረው።

በራሱ የሚገባው መዋጮ ጥቅሙ

መጀመሪያ ጥሩውን እንናገር። በየወሩ መዋጮ ለመሰብሰብ ከዶርም ዶርም የሚዞር ወንድም ወይም እህት ምን ያህል እንደሚደክም ሁላችንም እናውቃለን። ከሰጪው ይልቅ ጠያቂው ያፍራል። ያላቸው ይረሳሉ፣ የሌላቸው ይሸሻሉ፣ የፈተና ሳምንት ሲመጣ ደግሞ መሰብሰቡ ራሱ ይቆማል። የኡስታዙ ድጎማም፣ የየቲም ተማሪዎች እርዳታም፣ የኢፍጣር ዝግጅቱም በዚያው ልክ ይንጠለጠላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ለዚህ ትምህርት የተመቸ መሣሪያ ነው። እንበልና 300 አባላት በየወሩ 20 ብር ቢያዋጡ በወር 6,000 ብር፣ በ10 ወር ደግሞ 60,000 ብር ይሆናል። ለአንዱ ተማሪ ኪስ ቀላል የሆነው ለጀመዓው ዕቅድ የሚያወጣበት ገቢ ይሆንለታል። ሥራ የያዙ የቀድሞ ተመራቂዎቻችን ደግሞ አቅማቸው ስለሚሰፋ፣ ከደመወዝ ቀን ማግሥት የሚሄድ ቋሚ ትዕዛዝ ቢሞሉ ማንም ደውሎ ሳያስቸግራቸው ከግቢያቸው ጋር ተሳስረው ይኖራሉ።

ሌላም ጥቅም አለ። በባንክ የሚሄድ መዋጮ ማን ስንት እንደሰጠ በአደባባይ አያሳይም። 10 ብር የሰጠውና 500 ብር የሰጠው በሰልፉ እኩል ይቆማሉ። ሰደቃን መደበቅ ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለት ነገር ግን መጠበቅ አለበት። አንደኛው ፈቃድ ነው። ቋሚ ትዕዛዝ ሞልቶ የሚፈርመው የገንዘቡ ባለቤት ብቻ ነው፤ በይሉኝታ ተይዞ፣ በባች ጓደኞቹ ፊት ቅጽ ተሰጥቶት የሚሞላ ተማሪ በፈቃዱ ሰጠ ለማለት ያስቸግራል። ከቤተሰቡ በወር የሚላክለት ጥቂት ብር ብቻ የሆነ፣ ወይም በነን ካፌ አበል የሚኖር ተማሪ ከመዋጮው ነፃ መሆኑን ሳይጠይቅ ሊነገረው ይገባል። ማቆም የፈለገም ምክንያት ሳይጠየቅ ማቆም መቻል አለበት።

ሁለተኛው ኒያ ነው። በራሱ የሚሄድ ገንዘብ ቀስ በቀስ ከልብ ይረሳል፤ እንደ ባንክ አገልግሎት ክፍያ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቋሚ ትዕዛዝ ማብቂያ ቀን ይኑረው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሲታደስ ሰጪው ኒያውንም አብሮ ያድሳል፣ አቅሙንም መልሶ ያያል። የተመረቀ፣ ሥራ ያጣ፣ ወይም አላህ የወሰደው ወንድም ሒሳብ ለዓመታት ሳይታሰብ ሲቆረጥ እንዳይኖርም ይጠብቃል።

አንድ ስልክ፣ አንድ ሲም፣ አንድ ሰው

አሁን ወደ ዋናው ስጋታችን እንለፍ። በየግቢው በሚገኙ የተማሪ ማኅበራት የሚታየው የተለመደ አሠራር እንዲህ ነው፦ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ የእሱ ወይም የእሷ የባንክ ሒሳብና የስልክ ቁጥር በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል፤ ሁሉም እዚያ ያስገባል። የሚመረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዲኑ የተመሰከረለት፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ነው። ችግሩ የእሱ ታማኝነት አይደለም። እንዲያውም አሠራሩ ቀድሞ የሚጎዳው እሱን ራሱን ነው።

እንዴት? በመጀመሪያ በአንድ ሰው ስም ያለ ሒሳብ በሕግ ፊት የዚያ ሰው ገንዘብ ነው። ባንኩ «ይህ የጀመዓ ነው» የሚል ማስታወሻ የለውም። ገንዘብ ያዡ ነገ ድንገት ቢሞት፣ አላህ ይጠብቀንና፣ ሒሳቡ የውርስ ንብረት ሆኖ ይቆለፋል። ሐዘን ላይ ያለች እናቱ ዘንድ ሄዶ «ከልጅሽ ሒሳብ ውስጥ ይህን ያህሉ የእኛ ነው» ማለት የማን ፊት ይችላል? ማስረጃስ ምን ይቀርባል? ስልኩ ቢሰረቅ፣ ሲሙ ቢጠፋ፣ ቢታመምና ሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ባይኖር፣ ለየቲሞች የሚከፈለው ሁሉ በአንድ ሰው ጤና ላይ ይንጠለጠላል። ሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ቢሰጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ያኔ ገንዘቡ ቢጎድል ማን እንዳወጣው ማወቅ አይቻልም፤ ሲስተሙ የሚመዘግበው የባለቤቱን ስም ብቻ ነውና።

ሁለተኛው ነገር ሳናስተውለው የሚያልፍ ነው። በስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ላይ ብዙ ነገር በራሱ ይሠራል። ብዙ የሚያንቀሳቅስ ደንበኛ ቦነስ ያገኛል፤ የአነስተኛ ብድር መጠኑም በግብይት ታሪኩ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል። የጀመዓው ገንዘብ በግል ቁጥር ሲገባና ሲወጣ ይህ ጥቅም የሚመዘገበው ለማን ነው? እዚህ ላይ ከአዝድ ጎሳ የነበረውን ዘካ ሰብሳቢ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሰብስቦ ሲመለስ ከፊሉን ለሙስሊሞቹ ከፊሉን ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚንበር ላይ ቆመው፣ በወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት ነበርን የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የዛሬው ቦነስ በኤስ ኤም ኤስ ይምጣ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ ይህ ሰው የጀመዓው ገንዘብ ያዥ ባይሆን ያገኘው ነበር?

የመቆረጡም ነገር እንዲሁ ነው። ለግሉ ብድር የወሰደ ሰው ቀኑ ሲደርስ ከሒሳቡ ላይ በራሱ ጊዜ ሊቆረጥበት ይችላል። ሲስተሙ ይህኛው ብር የእሱ ነው፣ ያኛው የሚስኪኖች ነው ብሎ አይለይም። ገንዘብ ያዡ ተኝቶ ሳለ፣ ምንም ሳይነካ፣ የአማና ገንዘብ ለግል ዕዳው ተከፍሎ ያድራል። ማንም ሰው በወንድሙ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም ሊጭን አይገባም።

ማሽን ሐላልና ሐራምን አያውቅም

በመጋቢት 2016፣ በረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ንጋት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሲስተም ለውጥ ላይ በተፈጠረ ስሕተት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ በወቅቱ እንደገለጸው መጠኑ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩ በፈቃዳቸው የመለሱትን እንደማይከስ አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ደግሞ ይፋ አደረገ።

ከዚያ ሌሊት ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ ማሽን ሲፈቅድ ሐላል ሆነ ማለት አይደለም። ኤቲኤሙ ብር መቁጠሩ፣ ስልኩ «ተሳክቷል» ማለቱ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ሁለተኛው፣ በኤሌክትሮኒክ የሚሄድ ገንዘብ ሁሉ ዱካ አለው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት እንዳወጣ፣ ወዴት እንዳስተላለፈ ተጽፎ ይገኛል። ለዚህም ነው ባንኩ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ሊጠራ የቻለው።

ለጀመዓችን አስተዳደር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ተቅዋ የሌለው ሰው የትኛውንም ሲስተም ያልፋል፤ ሲስተም የሌለው ጀመዓ ደግሞ ተቅዋ ያለውን ሰው ለሐሜት ያጋልጣል። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በግብፅ ግምጃ ቤት ላይ ለመሾም ሲጠይቁ ስለ ራሳቸው ያነሱት ሁለት ነገር ነው፤ ጠባቂነትንና ዐዋቂነትን። ለገንዘብ ያዥነት ስንመርጥ የመጀመሪያውን እንጠይቃለን፤ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ታማኝ የሆነ፣ ነገር ግን የባንክ መግለጫ ማንበብ የማይችል ሰው፣ ሳያውቅ አማናውን ሊጥል ይችላል።

የገንዘቡ ቤት የት ይሁን?

የተማሪ ጀመዓ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው በስሙ ሒሳብ መክፈት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። መፍትሔው ግን ወደ ግል ሒሳብ መሮጥ አይደለም። ሦስት ሰዎች፣ ቢያንስ አንዷ ከእህቶች ዘርፍ የሆነች፣ በጋራ የሚከፍቱት ሒሳብ ይኑር፤ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ሳይኖር ምንም እንዳይወጣ ለባንኩ በጽሑፍ ይሰጥ። ገንዘቡ የጀመዓው እንጂ የፈራሚዎቹ እንዳልሆነ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤም በሹራው ተፈርሞ ይቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በየአካባቢው መዋቅር አለው፤ በመጅሊሱ ደብዳቤ ሒሳብ መክፈት የሚቻልበትን መንገድ ከአካባቢያችን መጅሊስ ጋር መነጋገርም ይገባል።

ሒሳቡ ከወለድ ነፃ መሆን እንዳለበት ለእናንተ መንገር አያሻም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሁሉ በፊት በራሱ የሚሄደው የባንክ ክፍያ ወለድ ነው። ተራ የቁጠባ ሒሳብ የከፈተ ሰው ሳይጠይቅ፣ ሳይፈርም፣ ወለዱ በየጊዜው ይገባለታል። 50,000 ብር በ7 በመቶ ቢታሰብ በዓመት 3,500 ብር ከሰደቃው ጋር ይቀላቀላል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2013 ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፣ ሒጅራ ባንክም ተከትሏል። ስለዚህ ዛሬ «አማራጭ የለም» የሚል ምክንያት አይሠራም። የግል ቁጥር ላይ የምናስገባ ከሆነ ግን የዚያ ሰው ሒሳብ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንኳ ማረጋገጥ አንችልም።

ሌላው የመለየት ጉዳይ ነው። ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ለተጠቀሱት ስምንት ወገኖች ብቻ የሚውል ነው። የወር መዋጮ ደግሞ ለትራንስፖርትም፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይም፣ ለዚህ መጽሔት ኅትመትም ሊውል ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ከተቀላቀሉ፣ በራሱ የሚሄደው የኡስታዝ ድጎማ ከየትኛው እንደወጣ ማንም አይነግረንም። ሣጥን በነበረ ጊዜ «የዘካ» የሚል የተለየ ሣጥን ማስቀመጥ ቀላል ነበር። አሁንም ቀላል ነው፤ ሁለት ሒሳብ መክፈት ነው። የዘካው ሒሳብ ምንም ዓይነት በራሱ የሚወጣ ክፍያ አይኑረው። እያንዳንዱ ወጪ ተቀባዩ ታይቶ፣ ሁኔታው ተጣርቶ፣ በሁለት ሰው ተፈቅዶ ይውጣ።

ሲወጣ ሁለት እጅ

የባንክ ሠራተኞች የሚሠሩበት አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ ክፍያውን የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው አይሆንም። ቆጣሪው ጻፈ፣ ተቆጣጣሪው አየ፣ ከዚያ ገንዘቡ ሄደ። ይህ ማንንም ሌባ ማለት አይደለም። አንድ ዲጂት የተሳሳተ የሒሳብ ቁጥር ከሁለተኛ ዓይን አያመልጥም፤ በስሕተት ለማያውቁት ሰው የተላከ ገንዘብን ለማስመለስ ደግሞ ያ ሰው ፈቃደኛ እስኪሆን ባንክ ደጅ መመላለስ ይጠይቃል።

በራሳቸው እንዲሄዱ የምንፈቅዳቸው ወጪዎች ጥቂት ይሁኑ፤ መጠናቸው የታወቀ፣ ተቀባያቸው የታወቀ፣ ማብቂያቸውም የታወቀ። የኡስታዝ ወርሃዊ ድጎማ ለዚህ ይመቻል። ነገር ግን ደርሱ ለክረምት ቢቋረጥ፣ ኡስታዙ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወሩ፣ ትዕዛዙን የሚያቆም ሰው ካልተመደበ ማሽኑ መክፈሉን አይተውም። ለዚህ ነው የሴሚስተር ማብቂያ ቀን ያስፈልጋል የምንለው። ሳይታደስ የሚቀጥል ወጪ አይኑር።

«ታዲያ ሌሊት ድንገት የታመመ ተማሪ ቢኖርስ? ሁለት ፊርማ ስንፈልግ እናድር?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ለዚህ መልሱ አነስተኛ የእጅ ገንዘብ ነው። ሹራው የወሰነው ልክ፣ ለምሳሌ 2,000 ብር፣ በአንድ ሰው እጅ ለድንገተኛ ጉዳይ ይቀመጥ። ሲወጣ ደረሰኝ ይያያዝ፣ ደረሰኙ ታይቶ ይተካ። የአጀብ ጉዳይ በትንሿ ገንዘብ ይፈታል፤ ትልቁ ገንዘብ ግን በቤቱ ያድራል።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም

መዋጮውን ከፍሎ ስክሪንሾት በቴሌግራም መላክ ልማድ ሆኗል። ስክሪንሾት በስልክ ላይ በሚሠራ ቀላል መተግበሪያ በደቂቃ የሚቀየር ሥዕል ነው፤ በየሱቁ ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ እንዳሉ ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ። ገንዘብ ያዡ ማየት ያለበት በሒሳቡ ላይ የገባውን ነው። እያንዳንዱ የባንክ ዝውውር የራሱ የግብይት ቁጥር አለው፤ በንግድ ባንክ ለምሳሌ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው ነው። መዝገቡ ላይ ቀን፣ መጠን፣ የግብይት ቁጥርና ዓላማው ከሰፈሩ ይበቃል። በወሩ መጨረሻ መዝገቡና የባንኩ መግለጫ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ገንዘብ ያዥ ያልሆነ ሰው ያመሳክራቸው። አንድ ብር ቢለያይ ምክንያቱ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ለአባላት ይፋ ይሁን። ይፋ ሲባል ግን ሰው ማጋለጥ አይደለም። የገባው ድምር፣ የወጣው ድምር፣ በምን ዓላማ እንደወጣና የቀረው ይለጠፍ። የሰጪዎች ስምም፣ የተረጂዎች ስምም አይለጠፍ። ለምግብ የተረዳች እህት ስሟ በግሩፕ ላይ በወጣ የባንክ መግለጫ ፎቶ ቢታይ፣ ግልጽነት ብለን የሠራነው ነገር ሰትርን መግፈፍ ይሆናል።

«ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ?»

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው። «በመካከላችን መተማመን አለ፤ ፊርማ፣ ኦዲት፣ ማመሳከር የሚባለው የመጠራጠር ሥራ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ንግግሩ ከጥሩ ልብ የሚመጣ ስለሆነ በቁም ነገር እንመልስለት።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው። የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊ፣ ስለ ምስክር ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰላች ያዛል፤ መጻፉም ከጥርጣሬ እንደሚያርቅ ይነግረናል። ጥሪው የተደረገው ለማን ነው? ለምእመናን ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማኞች መሆናችንን እያወቀ ነው ጻፉ፣ አስመስክሩ ያለን። ስለዚህ መጻፍና ማስመስከር ወንድማማችነትን አያፈርስም፤ ይጠብቀዋል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዲዋን የሚባለውን መዝገብ ያቋቋሙት በሶሓቦች ዘመን ነው። ከእነዚያ ሰዎች በላይ የሚታመን ትውልድ አልነበረም፤ መዝገብ ግን አስፈልጓቸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ የጥርጣሬ መነሻ አሠራር ማጣት ነው። ገንዘብ ያዡ አዲስ ጫማ ሲገዛ ዓይን የሚበዛበት፣ ቤተሰቡ እንደላኩለት ለማስረዳት የሚገደድበት ምክንያት ሒሳቡ ከጀመዓው ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። ሁለት ፊርማና ወርሃዊ መግለጫ ያለው ጀመዓ ውስጥ ግን ሐሜተኛ የሚነሳበት ክፍተት አያገኝም። «የሒሳብ ኃላፊነት አልፈልግም» ብለው የሚሸሹ ብቁ እህቶችና ወንድሞችም ይህን ሲያዩ ይቀርባሉ።

ክሊራንስ

ለአንድ የተማሪ ማኅበር ከሁሉ የከፋው ፈተና ምረቃ ነው። በየዓመቱ የሚያውቁት ሰዎች ይሄዳሉ፣ የማያውቁት ይተካሉ። ፈራሚዎቹ ሦስቱም በአንድ ዓመት ከተመረቁና ከተበተኑ፣ ሒሳቡ አለ፣ ገንዘቡም አለ፣ የሚያወጣው ግን የለም። አንዱ ጅማ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዱ ሳዑዲ ሆነው ለፊርማ ለውጥ መገናኘት ዘበት ነው። ቋሚ ትዕዛዞቹ ግን ማንም ሳያያቸው በየወሩ ይገባሉ።

ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያልመለሱትን መጽሐፍ ሳይመልሱ፣ የዶርም ቁልፍ ሳያስረክቡ ክሊራንስ አይሰጥም። ጀመዓው የራሱ ክሊራንስ ያስፈልገዋል። ከምረቃው ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ፈራሚዎች ይለወጡ፤ በራሳቸው የሚገቡና የሚወጡ ክፍያዎች ዝርዝር ለተተኪው ይሰጥ፤ መዝገቡ ከባንክ መግለጫው ጋር ተመሳክሮ አስረካቢና ተረካቢ በምስክር ፊት ይፈርሙ። ሦስቱ ፈራሚዎች ከተለያየ ባች ቢሆኑ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሄዱም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው የሚፈልጉት ሰዎች ሳይቀሩ ዕቃቸውን እርሳቸው ዘንድ በአማና አስቀምጠው ነበር። ሕይወታቸው አደጋ ላይ ባለችበት በዚያ ሌሊት እንኳ ዐሊይን (ረ.ዐ) አማናዎቹን ለባለቤቶቻቸው እንዲመልሱ ኃላፊነት ሰጥተው ነው የወጡት። እኛ የምንሄደው ጋዋን ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ቤተሰብ ተቀብሎን ነው። ከመሄዳችን በፊት ለማስረከብ ምን ሰበብ ይኖረናል?

ጥያቄያችን

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለሹራውና ለመላው አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ አጀንዳ ሆኖ ይያዝ። ከወለድ ነፃ የሆኑ ሁለት ሒሳቦች፣ አንዱ ለዘካ አንዱ ለመዋጮ፣ በጋራ ፊርማ ይከፈቱ። በግሩፕ ላይ የተለጠፈ የግል ቁጥር ይነሳ። ከዚያ በኋላ ነው አባላት ቋሚ ትዕዛዝ እንዲሞሉ ቅስቀሳ የሚጀመረው፤ ቤቱ ሳይሠራ እንግዳ አይጠራምና። የአካውንቲንግ፣ የኢኮኖሚክስና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ እዚህ ላይ ልዩ ዕዳ አለባችሁ። በክፍል የምትማሩትን ለጀመዓችሁ መዝገብ ካላዋላችሁት ለማን ልታውሉት ነው?

ገንዘቡ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ ለእርሱ ትንሽ የሆነው 20 ብር ከምሳው ቀንሶ ለሰጠው ተማሪ ትንሽ አለመሆኑን ያስብ። ያ ተማሪ ብሩን የሰጠው በአላህ ስም ነው፤ የት እንደደረሰ ዱንያ ላይ ባይጠይቀንም አኺራ ላይ የምንጠየቅበት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት፣ ሲጠየቁም መልስ ካላቸው ባሮቹ ያድርገን። ሲሳያችንን ሐላል፣ ሰደቃችንን ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።